የአባ የጡት እህት

ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሶዶ ውስጥ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደብዳቤ መተየብ፣ ፋይል መያዝ፣ እንግዳ መቀበል ነው ሥራዬ፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በዚህ አይደለም። ካቴኪስት ሲሞት፣ መምህር ሲሞት፣ ሲስተር ስትሞት፣ ከዘመድ አንዱ የተወለደበትንና የተማረበትን በብጣሽ ወረቀት ይዞልኝ ይመጣል። እኔ አስተካክዬ እጽፋለሁ፤ ከቅዳሴው በኋላ ሬሳው ፊት ቆሞ ማንበቡም ብዙ ጊዜ የእኔ ነው። ድምፅሽ ያምራል ይሉኛል። ድምፄ ያምር እንደሆነ እንጃ፤ ውሸቱን ሳልደናቀፍ እንደማነበው ግን አውቃለሁ።

የሁሉም ታሪክ አንድ ነዋ። ሟች ደግ ነበሩ፣ ቤታቸው ለእንግዳ ክፍት ነበር፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ ሰው «ለትዳራቸው ታማኝ ነበሩ» ተብሎ ይቀበራል፤ ሚስቲቱም ፊት ለፊት ተቀምጣ ትሰማለች። ስንት ጊዜ እንዲህ አንብቤ ስወርድ ሁለተኛ አላነብም ብያለሁ። ቢሆንም በማግስቱ ሌላ ብጣሽ ወረቀት ሲመጣ እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ።

አባ የምላቸው አለቃዬን ነው፤ የጳጳሱን እንደራሴ። ጳጳሱ ሲታመሙም ሆነ ለስብሰባ ሲሄዱ ሥራውን ሁሉ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። በዴሳ ከምትባል ከተማ አጠገብ ከአንድ ገበሬ ቤት ተወልደው፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ዘርአ ክህነት ገብተው፣ ክህነት ተቀብለው፣ ሮም ድረስ ተልከው አጥንተው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ከተመለሱ በኋላ አስተማሪ ሆኑ፤ ከዚያ በየገጠሩ አጥቢያ፣ እኛ ቁምስና በምንለው፣ በሞተር ሳይክል ጭቃ ለጭቃ ሲንከራተቱ ኖሩ፤ ቢሮ የተቀመጡት ጉልበታቸው ሲደክም ነው። ቁጡ ነበሩ። ደብዳቤ ላይ አንድ የተጋነነ ቃል ካዩ በቀይ እስክሪቢቶ አስምረውበት ይመልሱልኛል። ቀብር ላይ እኔ ሳነብ ከኋላዬ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያን ጉሮሮ መጥረግ እፈራው ነበር። ቢሮ ስንገባ፣ «እኚህ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡም? አንድ ሰው እንኳ አላስቀየሙም? ታዲያ እኔ የቀበርኩት ማንን ነው?» ይሉኛል። እኔ «ቤተሰቡ የሰጠኝን ነው የጻፍኩት አባ» እላለሁ። እሳቸው እጃቸውን አወናጭፈው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ።

እኛ ዘንድ ካህናት የሕይወት ታሪካቸውን በቁማቸው ጽፈው ፋይላቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ። አባ ሲያስተላልፉት፣ ሲያስተላልፉት ኖረው፣ ሐኪም ልብዎ ደክሟል ካላቸው በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጠሩኝ። በሩን ዝጊው አሉኝ። «ጻፊ» አሉ፤ መንደራቸውን፣ የአባታቸውን ሥራ ነገሩኝ። ቀጥለውም፣ «እናቴ በወለደችኝ በሳምንቷ ሞተች። ጡቷን ሰጥታ ያሳደገችኝ ሸክላ ሠሪ ናት» አሉ። እጄ ቆመ።

የሌላ አገር ሰው ይህ ምኑ ያስደነግጣል ይል ይሆናል። ሸክላ ሠሪዎችን እኛ ቺናሻ እንላቸዋለን። ድስታቸውን ገዝተን ወጥ እንሠራበታለን፤ እነሱን ግን ከደጃፍ አናሳልፍም። አንጋባቸውም፣ ከእጃቸው አንበላም። ውኃ ከጠየቁ ለእነሱ ብቻ የተለየ ቅል አለ፤ ከውጭ ጣሪያው ሥር ይሰካል። ይህ ሁሉ ድሮ ቀርቷል ይባላል። ስብሰባ ላይ ሲወገዝ ሁላችንም እናጨበጭባለን፤ ከዚያ ቤታችን ስንገባ ቅሉ እዚያው ተሰክቶ ይጠብቀናል። እናቴ ቤትም ነበረ። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን በዚያ ቅል ውኃ ጠጣሁ። እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝና አፌን በአመድ አሸችው፤ ድዴ እስኪደማ ድረስ። አልተናደደችም፤ እኔን ከቆሻሻ ማዳኗ ነበር።

አባ የእኔን መደንገጥ አይተው እንዳላዩ ቀጠሉ። ሸክላ ሠሪዋ ከእርሻቸው ጫፍ ትኖር ነበር፤ የወር ልጅ ነበረቻት። አባታቸው ጨንቋቸው ሕፃኑን ታቅፈው ሄዱ። ሴትዮዋ አንዱን ጡት ለልጇ፣ አንዱን ለእሳቸው እየሰጠች ከእንሰቱ ጀርባ ተደብቃ ወራት አጠባቻቸው። አባትየው ለማንም እንዳትናገር አስማሏት፤ አልተናገረችም። አባ ራሳቸው የሰሙት ክህነት የተቀበሉ ዕለት ከአባታቸው ነው።

«በዚያው ዓመት ገበያ ላይ አገኘችኝ» አሉኝ። «ድስቷን ደርድራ መሬት ላይ ተቀምጣለች። በልጅነት ስሜ ጠራችኝ። ከእኔ ጋር የቁምስናው ሽማግሌዎች ነበሩ። ሰማኋት፤ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። በማግስቱም ቀደስኩ። ጻፊ እንጂ፣ ምን ያፈዝሻል? ሮም ሳለሁ ሞተች። እሱንም ጻፊው።»

ጻፍኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ስንት ሰው ሲቆጡ፣ ስንቱን ሲገሥጹ፣ ይህን በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል ብዬ አዘንኩባቸው። ማዘን ብቻ አይደለም፤ ተጸየፍኳቸው። ያቺ ሴት ጡቷን ሰጥታ፣ እሱ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፣ በማግስቱ መሠዊያው ላይ ይቆማል። በልቤ «ትፍ» አልኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሌላ ሰው ላይ ትፍ ማለት ምን ያህል ይቀላል።

ወረቀቱ ላይ ከመፈረማቸው በፊት ለጡት እህታቸው ላንብብላት አሉ፤ ያቺ አብራቸው የጠባችው የወር ልጅ ማለት ናት፤ እሷም እንደ እሳቸው አርጅታለች። ፋሲካ ውሎ ገና ሳምንቱ አላለቀም ነበር። በቢሮው መኪና እስከ በዴሳ ደረስን፣ ከዚያ መኪና የማያስገባውን በእግር ሄድን። ደጇ ላይ ያልተተኮሱ ድስቶች ጸሐይ ላይ ተሰጥተዋል። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ጨበጠችኝ፤ መዳፏ ሻካራ ነው። ዘወር ስትል እጄን በነጠላዬ ስጠርግ ራሴን ያዝኩት። አባ አነበቡላት። ሳትንቀሳቀስ ሰማች።

ሲጨርሱ በወላይትኛ እንዲህ አለች፦ «እናቴ ዝም በይ ተባለች፣ ዝም ብላ ሞተች። እኔ ካንተ ምንም አልፈልግም። ቀድመኸኝ ከሞትክ ግን እንደ እህት ድንኳን ውስጥ ልቀመጥ። ንፍሮ ቀቅዬ ላምጣ፤ ሰው ይብላልኝ። በቃ ይኸው ነው።»

አባ «ይሁን» አሏት። ጎደሬ ቀቅላ ኖሮ በዳጣ አቀረበች። አባ ቆርሰው እያላመጡ በሉ። ሳህኑን ወደ እኔ ስታዞረው አፌ ውስጥ አመድ አመድ አለኝ። የዛሬ አርባ ዓመት የነበረ አመድ። «ጾም ላይ ነኝ» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ፤ አባንም አየቻቸው፤ ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ መለሰችው። ደግሞ እኮ እናቴን የምታህል ሴት «አንቺ» እያልኩ ነበር ሳናግራት የቆየሁት። አሁንም ይኸው ለእሳቸው «እሳቸው»፣ ለእሷ «እሷ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ እጄ እንዲህ ነው የለመደው።

ስንመለስ አባ ከፊቴ ከፊቴ ተራመዱ። መኪናው ጋ ስንደርስ፣ «በፋሲካ ሳምንት የምን ጾም ነው?» አሉኝ። የመኪናውን በር ከፈትኩላቸው። «ለእኔ እንዳትናዘዢው። ሄደሽ ለእሷ ንገሪያት» አሉ። እሺ አባ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ። ዝናብ ነው፣ ሥራ በዝቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ምክንያት መች ይጠፋል።

አባ ሰኞ ጠዋት አረፉ። ኑዛዜያቸው በትውልድ መንደራቸው ባለችው ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበሩ ነበር፤ ቀብሩ ለሐሙስ ተባለ። ማክሰኞ ኮሚቴው ቢሮዬ መጣ፤ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የአባ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእንጀራ እናት የተወለደ፣ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ሁለተኛው የምእመናን ጉባኤ ሰብሳቢ፣ ሦስተኛው ገና ከዘርአ ክህነት የወጣ ወጣት አባ። ፋይሉን ከፍቼ ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ማንም ማንንም አላየም።

ሰብሳቢው ቀድሞ ተናገረ። «እህቴ፣ ውሸት ነው አላልንም። ግን ቀብር ላይ ይነበባል ወይ? ጴንጤ ዘመዶቻቸው ሁሉ ይመጣሉ። ምን ይሉናል?»

ወንድምየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ለልጅ ልጄ ሽማግሌ ተልኮልን ተስማምተናል» አለኝ። «ያ ቤት ቺናሻ ያጠባው ቤት ነው ከተባለ ነገ ልጅቷ ቀረች ማለት ነው። እሱ ሞተ፣ ዐረፈ። እኛ ነን የምንኖረው።»

«የፈረሙት እሳቸው ናቸው» አልኩ።

ወጣቱ አባ ስልኩን እየነካካ ቆይቶ፣ «በጎረቤት እንክብካቤ አደጉ ብንለውስ?» አለ። «ውሸት አይደለም። ጎረቤት ናት።»

በጎረቤት እንክብካቤ። ደሜ ፈላ። ጥፍሩ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ፤ ያችን ሴት በሦስት ቃል ቀበራት። ሦስቱንም እያየሁ ተጸየፍኳቸው፤ በተለይ ወጣቱን «ውሸት አይደለም» ሲል። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ያችን ሐረግ እኔም ማግኘት እችል ነበር፤ ስንት ዓመት የሠራሁት እሱን አይደል? «እሺ» አልኳቸው። ሁለት ወረቀት አተምኩ፤ አንዱን እነሱ እንዳሉት፣ አንዱን አባ እንዳሉት። ሁለቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ረቡዕ ቀድሜ ወደ መንደሩ ወረድኩ። ወንድምየው የወረሰው የአባታቸው ቤት ደጅ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የጡት እህትየው መጥታለች። በገዛ እጇ በሠራችው ድስት ንፍሮ ቀቅላ፣ በኮባ ቅጠል ከድና ነበር ያመጣችው። ድስቱን ተቀበሏትና እሷን አጥሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጧት። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ተሰጥቶኝ ነበር፤ ከተቀመጥኩበት ጓሮው ይታየኛል። የሴቶች ማኅበር አባል የሆነች፣ ጸሎት ስትመራ የማውቃት ሴት ድስቱን ይዛ ወደ እንሰቱ ሄደች። ላሚቱ ፊት ገለበጠችው። ከዚያ እጇን በሣር ጠረገች፤ ሁለት ጊዜ።

ላሚቱ ስትበላ አየሁ። ባዶውን ድስት በሁለት ጣት አንጠልጥለው ለባለቤቷ መለሱላት። «በልተናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ አመሰገነች።  ክርስቲያን ነን ባይ ሁሉ አስጠላኝ፤ ድንኳኑ፣ መቁጠሪያው፣ «ነፍስ ይማር» የሚለው ድምፅ ሁሉ አስጠላኝ። ከወንበሬ ግን አልተነሣሁም። ነገ ያገኙታል ብዬ ቦርሳዬን ዳበስኩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቅዳሴው አለቀ። ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ግቢው ላይ ቆሟል። ስሜ ሲጠራ ወጣሁና አባ እንዳሉት የተጻፈውን ወረቀት አወጣሁ። ትውልዳቸውን አነበብኩ። «እናቴ በወለደችኝ በሳምንቷ ሞተች። ጡቷን ሰጥታ ያሳደገችኝ ሸክላ ሠሪ ናት» ስል ሕዝቡ መጀመሪያ ያልገባው መሰለ። ከዚያ አንድ ጩኸትም ማጉረምረምም ያልሆነ ነገር ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ወንድምየው አንገቱን ደፋ። ገበያውን አነበብኩ፤ «ሰማኋት፤ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። በማግስቱም ቀደስኩ» የሚለውን ቃል በቃል። ጥቂት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ከኋላዬ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው አልነበረም። የጡት እህትየው በሩ ጋ ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛ ነበር።

ወረቀቱን አጥፌ ወረድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቻለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ውሸት አንብቤ አንድ ቀን እውነት አነበብኩ፤ አባም ከሬሳ ሣጥናቸው ውስጥ ሆነው አበጀሽ ያሉኝ መሰለኝ። ሰብሳቢው በአጠገቤ ሲያልፍ በዓይኑ ሊበላኝ ነበር፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩለትም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። የተጸየፍኩት ወጣት አባ ብድግ አለ። ፊቱ ቀልቷል። ራሱ ወንበር ተሸክሞ ሄዶ ከወንድምየው ጎን አስቀመጠ፤ እንደ ትናንቱ አጥሩ ሥር የተቀመጠችውን የጡት እህትየውን ክንዷን ይዞ አምጥቶ አስቀመጣት። ወንድምየው ወንበሩን ትንሽ ፈቀቅ አደረገ፤ አልተነሣም ግን።  እሷ ትንሽ ቆየችና ወጣች፤ ዛሬም ቀቅላ አምጥታ ኖሮ ድስቷን ታቅፋ ተመለሰች። ለጓሮዎቹ ሴቶች አልሰጠችም። ዙሪያውን አየች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«አንቺ ነሽ ያነበብሽው» አለችኝ። «አንቺ ከጀመርሽ ይበላሉ።»

ኮባውን ገለጠችው። ስንዴና ባቄላ ነው፤ ገና ይጨሳል። በእፍኟ ዘግና ወደ እኔ ዘረጋች። እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ልቅሶ ቤት እንደማንም ሰው መዳፌን ገጥሜ መቀበል። ወጣቱ አባ እያየኝ ነው። ወንድምየውም፣ ሰብሳቢውም፣ ትናንት ላሚቱን ያበላችው ሴትም ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። ጣቶቿ መሐል የደረቀ ሸክላ አለ።  አመዱ መጣ። እጄ ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ አልነሣ አለኝ።

«ጾም ላይ ነኝ» አልኩ።

አልተቆጣችም። «አውቃለሁ» አለች። «ያን ጊዜም ጾም ላይ ነበርሽ።»

እፍኟን መልሳ ድስቱ ውስጥ አፈሰሰችው። ሰብሳቢው ትንፋሹን ለቀቀ፤ «እኛም በልተናል እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ። ሌሎቹም ከአፉ ተቀበሉት፤ በልተናል፣ በልተናል። ወጣቱ አባ ከእኔ ላይ ዓይኑን አንሥቶ መሬት አየ። እሷ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ድስቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የወንድሟን ንፍሮ አንድ አንድ ፍሬ እየለቀመች ብቻዋን በላች። ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ምንም ጾም አልነበረም።